የመራራዋ ቢራቢሮ መልክ

ዛሬ ጠዋት ኮልፌ ባለው ሱቄ ውስጥ ብርቱካንማ ቢራቢሮ ገብታ፣ ስሙን ከሌላ ፋብሪካ የተዋሰ ጫማዬ ላይ አረፈች። መቼም አስመሳይ ከአስመሳይ አይጣላም።

በደርግ ጊዜ ጎረቤታችን የነበሩት የባዮሎጂ መምህር ጋሽ ታደሰ፣ ይቺን ቢራቢሮ ከመሳይዋ ጋር ያሳዩን ነበር። «አንዷ መራራ ናት፣ ወፍ አይነካትም። ሌላዋ አትመርም፤ ግን የመራራዋን መልክ ይዛ ትተርፋለች።»

አፈሳው ሲበረታ እናቴ ይህ ትዝ አላት። ለውትድርና የሚያፍሱት ሰዎች የልጁን ዕድሜ በቁመቱ እየገመቱ ነበር የሚወስዱት። ታላቅ ወንድሜ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ቢሆንም ከአባቴ ይረዝማል። ቤቴል ሰፈር አክስታችን ዘንድ ሊደበቅ ሲነሳ፣ እናቴ የእኔን የትምህርት ቤት ቁምጣ አለበሰችው። ወገቡ አልዘጋ ብሎ በገመድ ታሰረ።

«አሁን ሕፃን አይመስልም፣ ጋሽ ታደሰ?» አለቻቸው፣ ሊሸኙት ለመጡት መምህር።

ጋሽ ታደሰ ጠጉራም ቅልጥሙን አዩ። «እትዬ ዘነበች፣ ቢራቢሮዋ እኮ ያን መልክ ከእናቷ በዘር ነው የወረሰችው።»

«እኔ ያወረስኩት ቁመቴን ነው። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ታደሰ የገመዱን ቋጠሮ አጠበቁለት።

ወንድሜ «በዚህ ቁምጣ ከአፋሾቹ በፊት ብርዱ ሳይወስደኝ አይቀርም» ብሎን ወጣ። ጎንበስ ብሎ ቢሄድም ጭንቅላቱ ከአጥሩ በላይ ይታየን ነበር።

ቤቴል አልደረሰም፤ መንገድ ላይ አፍሰውት በዚያው ቀረ። በአጥሩ ቦታ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ አጥሩ በነበረበት ከፍታ ልክ ቀና ብዬ አያለሁ።