የፊት ጎማዎቹ መቆለፊያ

የናፍጣ ሌባ ያለኝ የቢሮ ኃላፊያችን ነው፤ ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ እኔ የነዳጅ መጋዘን ያዥ ሳለሁ።

"ሴትዮ፣ ናፍጣውን ትጠጪዋለሽ እንዴ?" አለኝ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ሳቁ።

የሚጠጣው የቢሮው መኪና ነበር። በክረምት የአቦቦ መንገድ ሲጨቀይ በአራቱም ጎማ እንዲጎትት፣ የፊት ጎማዎቹ ላይ ያሉት መቆለፊያዎች በእጅ ይቆለፋሉ፤ መንገዱ ሲደርቅ ይከፈታሉ። ካልተከፈቱ መኪናው ናፍጣ ይፈጃል። ኃላፊው የሚነዳው ራሱ ነበር። ሰው እያየው ጎማ ሥር መንበርከክ ውርደት ስለሚመስለው በጋውን ሙሉ እንደተቆለፉ ነዳው። ብነግረው፣ "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?" አለኝ።

ስሜን ላጥራ ብዬ አንድ ቀን ማንም ሳያይ እኔው ከፈትኳቸው። ናፍጣው በረከተ። እሱም ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "አያችሁ? እሷን ካስፈራራኋት ወዲህ ናፍጣው መትረፍ ጀመረ" አለ። አጨበጨቡለት። ያን ጭብጨባ ዛሬም ይቅር አላልኩም።

በማግስቱ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረክቤ ሥራውን ለቀቅኩ። ስወጣ መኪናው አጠገብ ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም መቆለፊያዎች መልሼ ቆለፍኳቸው።