ጥያቄ ሁሉ ሰላምታ አይደለም

ሰፈሩ «እትዬ ካውያ» ይላታል። በልብስ ማጠቢያ ቤቱ የኋላ ክፍል የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ዕድሜዋ ነጎደ፤ እንፋሎቱ ግን ፊቷን ወዝ አልነሳውም። ሰሞኑን በዚያ እንፋሎት ውስጥ የአንድ የማታውቀው ሰው ድምፅ ገብቷል። ስልኳን መደርደሪያው ላይ አስደግፋ የስፓኒሽ ትምህርት ታዳምጣለች። «ኮሞ ኤስታስ? ዶንዴ ቪቬስ? ኬ አሴስ?» ይላል ሰውየው ለስለስ ብሎ። እንዴት ነሽ፣ የት ትኖሪያለሽ፣ ምን እየሠራሽ ነው ማለቱ ነው። ክፍሉ ጉም ሲለብስ፣ የተሰቀሉት ነጫጭ ሸሚዞች የሚጠይቋት ይመስላታል። ለእያንዳንዳቸው በሹክሹክታ ትመልስላቸዋለች።

«በስተርጅና ጉድ መጣ!» ትላታለች አብራት የምትሠራው ሴትዮ። «ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«አያት ልሁን ብዬ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ባሕር ማዶ አግብቶ የወለዳት ልጅ ከስፓኒሽ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። መጀመሪያ በስልክ የተያዩ ዕለት ልጅቷ ጥያቄ አከታተለችባት። እትዬ ካውያ ሰላምታ መሰላት፤ እኛ እንደሆንን ደህና ነሽ፣ ጤና ነሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ ስንባባል መልሱን መች እንሰማለን? ልጇ ያስጠናትን «ቢየን፣ ግራሲያስ» ለሁሉም ደረደረችው። ደህና፣ አመሰግናለሁ። ለካስ የተጠየቀችው ስሟን፣ ዕድሜዋንና የምትወደውን ቀለም ኖሯል። ልጅቷ ሰለቻትና ወደ መጫወቻዋ ሄደች። አያት ግን የልጅ ልጄን በአስተርጓሚ አላውቃትም ብላ ቆረጠች።

አንድ እሑድ ከሰዓት እንደገና ተገናኙ። ልጅቷ ወደ ስልኩ ተጠግታ ከአያቷ ጀርባ ያለውን አንድ አልጋና አንድ ወንበር በዓይኗ ቃኘች።

«ኤስታስ ሶላ?» አለች።

«ደህና ነሽ ወይ ነው የምትልሽ፣ እማ» ሲል ልጇ ቀደመ።

አልነበረም። ብቻሽን ነሽ ወይ ነው ያለቻት። ይህን ጥያቄ እንፋሎቱ ውስጥ ስንቴ ሰምታዋለች! «ቢየን» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ሲ» አለች። አዎ ማለቷ ነው። ጥያቄው ስለገባት ደስም አላት፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ልጅቷ ምንም ሳይደንቃት ራሷን ነቀነቀች። ልጇ ግን ስልኩን ወደ ራሱ አዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማ፣ ስትታመሚ ማነው ውሃ የሚያቀብልሽ?» አላት።