የተሸነፈ ያጥባል

ባለፈው እሑድ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ዶርማችን ውስጥ፣ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች የስፖርት ቲሸርቶቻቸውን አጥበው በተደራረቡት የብረት አልጋዎች ላይ አንጠለጠሉ። ውጭ ዝናብ ስለነበር ክፍሉ በእርጥብ ናይለንና በልብስ ሳሙና ሽታ ታፈነ። እነሱ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት እያሉ ሲጨቃጨቁ እኔ ደብተሬን እንደያዝኩ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከነገለባው በመድረቅ ላይ ያለ የጀንፈል ቡና ሽታ። እሱ ቢጨመርበት ኖሮ ያደግኩባት ከተማ፣ አማን ነበርኩ፤ ከኳስ ሜዳችን በታች፣ ወንዙ ዳር።

ልጅ ሳለሁ፣ ቡና ተለቅሞ ሲያልቅና ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ፣ የአካባቢያችን ከተሞች እኛ ሜዳ ላይ በጥሎ ማለፍ ለአንድ ዋንጫ ይጫወቱ ነበር፤ ሚዛን፣ አማን፣ ቴፒ፣ ማሻ፣ አንዳንዴም ሩቅ ያለችው ቱም። ውድድሩ በወረቀት ላይ ረጅም ስም ነበረው፤ እኛ ግን "ዋንጫው" ብቻ ነበር የምንለው። እኔ ከመወለዴ በፊት እንዴት እንደተጀመረ የነገሩን ጋሽ ሽኩር ናቸው። ከስልጤ መጥተው አማን ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁ፣ ግን ያለ እሳቸው ጨዋታ የማይጀመር ሰው ነበሩ። ያኔ ቡድኖቹ ማሊያ ስላልነበራቸው የከተማው ሰው አዋጥቶ ለአንድ ቡድን የሚበቃ ቀይ፣ ለአንድ ቡድን የሚበቃ አረንጓዴ ማሊያ ገዛ፤ የሚጋጠሙት ለብሰው ይጫወቱና ለቀጣዮቹ ያስተላልፋሉ። ማን ይጠበው በሚለው ጠብ ሊነሳ ሲል ጋሽ ሽኩር፣ "አሸናፊው ገና ጨዋታ አለበት፣ ይረፍ። ሥራ የፈታው ተሸናፊው ነው" ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ የተሸነፈው ቡድን፣ አምበሉም በገዛ እጁ ጭምር፣ የሁለቱንም ቡድን ማሊያ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጣጥፎ ያስረክባል። ያላስረከበ በሚቀጥለው ዓመት አይጫወትም።

የዋንጫው ታሪክ የሚነበበውም እነዚያው ማሊያዎች ላይ ነበር። የአረንጓዴው ሰባት ቁጥር እጅጌ ላይ ያለው ስፌት የቴፒ አጥቂ ኳስ ሲያሳድድ የአጥር ሽቦ ውስጥ የገባበት ቀን ነው። ቀዩ አራት ቁጥር ከሌሎቹ የደመቀው ደግሞ፣ የማሻው ተከላካይ ብርድ ስለለመደ ከላዩ ሹራቡን ደርቦ፣ ማሊያውን እንደለበሰ ረስቶት አገሩ ስለገባ፣ በምትኩ ሌላ ስለተሰፋ ነው።

ወንድሜ ታሪኩ የአማን ቡድን አምበል ነበር። ሁለት ዓመት ተከታትለው ዋንጫውን ስለወሰዱ ማሊያ አጥቦ አያውቅም። ይልቅ ሌሎቹ ሲያጥቡ ወንዝ ይወርድና ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ "ብብቱን! ብብቱን ደህና አድርጋችሁ እሹት፣ የምለብሰው እኔ ነኝ!" እያለ ያበሽቃቸው ነበር። እኔም ከጎኑ ሆኜ እኮራ ነበር፤ አሁን ሳስበው ትንሽ አፍራለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቱም ደረሰን። በአይሱዙ ላይ ቆመው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመጡ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። ጨዋታው ያለ ጎል አልቆ ወደ ፔናሊቲ ሲሄድ የመጨረሻውን የመታው ታሪኩ ነበር፤ ኳሷም ከአጥሩ በላይ አልፋ ቡና እርሻ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ቅዳሜ የማሊያው ጆንያ በራችን ላይ ተቀመጠ። ፍጻሜው እሑድ ነው። ታሪኩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ፣ "ዳኛው ነው፣ ጭቃው ነው፣ አላጥብም" ይላል። ጓደኞቹ መጥተው፣ "አንተ ሰውዬ፣ የከርሞውን ልታስቀርብን ነው እንዴ?" ብለው ለመኑት። እናቴ፣ "እኔ ልጠበው፣ ምን አለበት?" ብትል ጋሽ ሽኩር ከደጅ ሆነው፣ "እትዬ፣ እርስዎ መቼ ተሸነፉ?" አሏት። እኔ አማን የሌለበት ዋንጫ በዓይነ ሕሊናዬ አልመጣ ብሎኝ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ የቱም አምበል ማቴዎስ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጆንያውን አነሳና ምንም ፌዝ በሌለበት አነጋገር፣ "ወንድሜ፣ ነገ የምንለብሰው እኛ ነን። ካመመህ እኔ ልጠበው" አለው።

ታሪኩ ተስፈንጥሮ ተነሳና ጆንያውን ከእጁ ነጠቀው። "ተው! የተሸነፍኩት እኔ ነኝ!"

ቃሉን ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። ራሱም የደነገጠ ይመስለኛል።

ወንዙ ዳር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያበሽቃቸው የኖሩት ሁሉ ይጠብቁት ነበር። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሳይቀሩ ከድልድዩ ላይ፣ "ታሪኩ፣ ብብቱን!" አሉት። እሱ ጥርሱን ነክሶ ጎንበስ ብሎ ያሻል። ማቴዎስ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ፣ "ኮሌታውንም" አለ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ እስኪንበረከክ ሳቀ። ማሊያዎቹን በጋሽ ሽኩር ግቢ፣ በቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ፣ ከጀንፈሉ አጠገብ ዘረጋናቸውና እንደ ቡናው እያገላበጥን አደረቅናቸው።

እሑድ ቱም በቴፒ ተሸነፈ። የአይሱዙው ሹፌር እየቸኮለ ጡሩምባ ሲነፋ ማቴዎስ ጆንያውን ይዞ ወንዝ ወረደ፤ ታሪኩም ማንም ሳይጠራው ተከትሎት ወርዶ ቀዮቹን ለራሱ ወሰደ። ሁለቱ ውኃው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ያጠቡትን ጋሽ ሽኩር እርጥቡን ተረከቧቸው።

ዛሬ ሁሉም ቡድን የራሱ ማሊያ አለው፤ ደግም ነው፣ የሰው ላብ የሚለብስ የለም። ውድድሩም በነጥብ ሆኗል። ማቴዎስ ጥቂት ዓመታት ከቱም በሚመጡ ሹፌሮች ሰላምታ ይልክ ነበር፤ አንዴም ማር ልኮልናል። ከዚያ ሹፌሮቹ ተቀያየሩና ሰላምታው ቀረ። ታሪኩም ለሥራ ሌላ አገር ሄዷል፤ የምንገናኘው ለበዓል ብቻ ነው።

በቅርቡ ለበዓል ስንገናኝ አብረን ሜዳ ገባን። አማን ተሸነፈ። አምበሉ ማሊያውን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ወረወረና፣ ተመልካቹ ከሜዳ ሳይወጣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። እኔና ወንድሜ ወደ ወንዙ ወረድን፤ መንገዱን ሣር ውጦታል። ታሪኩ የጠፍጣፋውን ድንጋይ ቅጠል በእግሩ ጠርጎ ተቀመጠና ማዶውን ሲያይ ቆየ።

"ብብቱን..." አለ ቀስ ብሎ።

ውኃው ውስጥ ማንም አልነበረም።