የገዢዎች ደረጃ

ዊኒፍሬድ ሾ ማንቸስተር ውስጥ በአንድ የጨርቅ መጋዘን ሃያ ስምንት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን በፊት ለፊቱ በር ገብታ አታውቅም። ህንፃው ከመንገድ ለሚያየው ቤተ መንግሥት ነው፤ የተጠረበ ድንጋይ፣ በየመስኮቱ አናት የአንበሳ ፊት፣ ከበሩ ወዲያ ደግሞ ሰረገላ የሚያስነዳ የሚመስል ሰፊ የእብነ በረድ ደረጃ። የጥንቶቹ ባለቤቶች ያሠሩት ለገዢ ብለው ነበር። ከእስክንድርያ ወይም ከቦምቤይ የመጣ ነጋዴ ጣቃውን ከመዳሰሱ በፊት ቤቱን አይቶ ይመን ብለው። በጓሮ፣ በቦዩ በኩል፣ ጌጥ የሚባል ነገር የለም። ጥላሸት የጠጣ ሸክላ ብቻ ነው። ሠራተኛው በምድር ቤቱ በር ጎንበስ ብሎ ይገባና በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ይወጣል።

ዊኒ በአሥራ አራት ዓመቷ ስትቀጠር አምስተኛ ፎቅ ላይ ተመደበች። የጨርቅ እንከን ያለ ጥሩ ብርሃን ስለማይታይ፣ ጣሪያው በሰሜን በኩል መስተዋት ነበር። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ እየዘረጋች የተበጠሰ ክር ትፈልጋለች። አጠገቧ የምትቆመው ብሪጂድ ማሎን የምትባል የአይሪሾች ልጅ ነበረች፤ አፏ ሥራ የማይፈታ፣ ሳቋ እስከ ምድር ቤት የሚሰማ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በስምንተኛው ዓመት ብሪጂድ ጣቃ ተሸክማ በጓሮው ደረጃ ስትወርድ እግሯ ከዳት። ዊኒ ስትደርስ ጓደኛዋ መጠምዘዣው ላይ ተቀርቅራለች፤ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል። ዊኒ ሮጣ አለቃውን ሚስተር ክሌግን ጠራችው።

«ዳሌዋ ነው የተሰበረው። በፊት በኩል እናውርዳት፤ እዚህ ቃሬዛ አይዞርም።»

«ታች እንግዶች አሉ፣ ዊን።»

«ሰው ወድቋል እያልኩህ?»

«ሰምቻለሁ። ወንበር አምጪ፤ አንዱን ጎን እኔ እይዛለሁ።»

ክሌግ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዳለውም አንዱን ጎን ያዘ፤ አራቱን ፎቅ ሲያወርዳት ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ነበር። በየመጠምዘዣው ወንበሩ ከግድግዳው ይጋጫል። ብሪጂድ ድምፅ ላለማሰማት ቁራጭ ጨርቅ በጥርሷ ነክሳ ነበር። አጥንቱ ሲገጥም አንድ እግሯ አጠረ፤ ወደ ሥራም አልተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ዊኒ እሑድ እሑድ ቤቷ መሄድ ጀመረች።

የጨርቁ ንግድ እየሞተ ሄዶ መጋዘኑ ተዘጋ። ዊኒ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብታ ድንች ስትልጥ ዓመታት አለፉ፤ ባሏንም በመካከሉ ቀበረች። ህንፃው ባዶውን ቆመ። እርግብ ሰፈረበት፣ አሸንዳው ላይ ቁጥቋጦ በቀለ። በግራና በቀኝ የነበሩት መጋዘኖች ፈርሰው መኪና ማቆሚያ ሲሆኑ እሱ የማፍረሻ ገንዘብ የሚያወጣለት ጠፍቶ ተረፈ። ኋላ ግን ጥላሸቱን አጥበው፣ ፎቆቹን በግድግዳ ከፋፍለው መኖሪያ ቤት አደረጉት። ዊኒ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ፅዳት ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰምታ ተቀጠረች።

በመጀመሪያው ሰኞ ባልዲዋን ይዛ በልማዷ ወደ ጓሮ ዞረች። በሩ በሸክላ ተደፍኗል፤ የጠመዝማዛው ደረጃ ቦታ አሳንሰር ሆኗል። ስለዚህ በፊት ለፊት ገባች። ማንም አላስቆማትም። ከላይ ወደ ታች ልታጥብ ስትወጣ ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ ቆመች፤ ትንፋሿ አልተቆራረጠም፣ ጉልበቷም ዝም ብሏል። ግራ ገብቷት ጎንበስ አለችና የአንዱን እርከን ከፍታ በእጇ ለካች። ስንዝር አይሞላም። የጓሮው ከስንዝር ይበልጥ ነበር፤ እግሯ ያውቀዋል። በቀን አንዴ ለሚወጣው ገዢ ዝቅ አድርገው፣ አሥር ጊዜ ለሚወጣው ሠራተኛ አቁመው ነው የሠሩት። መናደድ ፈለገች፤ ግን ንዴትም አቅም ይጠይቃል። ትንሽ ተቀምጣ አረፈችና ማጠቧን ቀጠለች።

እሑድ ለብሪጂድ ነገረቻት።

«ታዲያ አሁን ማን ይወጣበታል?» አለች ብሪጂድ።

«ማንም። ሁሉም በአሳንሰር ነው።»

«እንግዲያው ማንም ያልረገጠውን ነዋ የምታጥቢው። የታደልሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ዊኒ ሻይዋን አስቀመጠችና፣ «ነገ ጠዋት ነዋሪው ሥራ ይሄዳል። ነይና እይው፣ ቀስ ብለን እንወጣለን» አለቻት።

«ምን ልሠራ?»

«እንዲሁ ነዋ።»

ብሪጂድ እግሯን እያሻሸች፣ «እኔ መውጣት አምሮኝ አያውቅም፣ ዊን። መውረድ ነበር የፈለግኩት። እሱም የወደቅኩ ዕለት» አለች።

ዊኒ ተነሥታ ኩባያዎቹን አጠበች፤ ብሪጂድ ሬዲዮውን ከፈተች። ስለዚያ ደረጃ ሁለተኛ አልተነጋገሩም።

ዊኒ ሦስት ዓመት ሠርታ ጉልበቷ እምቢ ሲል ቁልፉን መለሰች። የተቀበላት ወጣት ሥራ አስኪያጅ፣ «እዚህ ብዙ ጊዜ ሠራሽ?» ብሎ ጠየቃት። ከየት ጀምራ እንደምትነግረው አሰበችና፣ «በቂዬን ሠርቻለሁ፣ የኔ ልጅ» አለችው። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ አውቶቡስ ሳያመልጣት ለመድረስ መሀረቧን አሥራ ወጣች።