አይነኬና መጋዙ

አባዬን የሰፈሩ ሰው «አይነኬ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣችለት ሞተሩ ናት። በግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ስስ አንሶላ ለብሳ የምትቆም አሮጌ ሞተር ሳይክል ነበረችው፤ እሱ ራሱ ከመወለዱ በፊት የተሠራች። ሰው እጁን ወደ እሷ ሲዘረጋ ገና ከሩቁ «ተው፣ አይነካም!» ይላል። እንግዳ ልጁን ይዞ ከመጣም አባዬ ከልጁ ፊት በፊት የልጁን እጅ ነው የሚያየው።

ሥራው ውሃ ፓምፕ ጣቢያ ነበር። ሥራው መስማት ነበር ቢባልም ውሸት አይሆንም። ከፓምፖቹ አንዱ ድምፁን ትንሽ ከቀየረ፣ የጀመረውን ጨዋታ አቋርጦ ይነሳል። ቤትም ሲገባ ጆሮው አያርፍም፤ የጓዳው በር ሲያቃስት ከሰማ ዘይት ሳያቀምሰው አይተኛም። እማዬ፣ «እኔ ሳቃስት ግን አይሰማም» እያለች ትስቅበት ነበር።

ሞተሯን ያገኛት ወፍጮ ቤት ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ፓምፕ ተበላሽቶበት አባዬ ሊያይለት ሄዶ፣ ከጆንያ ክምር ሥር ብቅ ያለች ጎማ ዓይኑ ገባች። «እሱን ብረት ከዚህ ካነሳህልኝ ቦታ አስለቀቅክልኝ ማለት ነው» አለው ሰውዬው። ለካ ዱቄቱ ለዓመታት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ዝገት አላስነካትም። አባዬ በገዛ እጁ እየገፋ አመጣት። ሲያጸዳት ከዱቄቱ ሥር ጥቁር አረንጓዴ የነዳጅ ታንከር ወጣ፤ በታንከሩ ዙሪያ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች የወርቅ ቀለም መስመር።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጠራኝና፣ «እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊና ተመልከቺ» አለኝ። «ምን ይታይሻል?»

«መስመር።»

«ቀጥ ያለ?»

አፍንጫዬ ታንከሩን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋሁ። «ቀጥ ያለ ነው። እዚህች ጋ ግን ትንሽ ተንቀጥቅጧል።»

ፊቱ በራ። «አየሽ! በእጅ ነው የተሳለው። እዚህች ጋ ሲደርስ ሰውዬው ተንፍሷል። ሰውዬው ዛሬ የለም፤ የየት አገር ሰው እንደሆነም አላውቅም። ትንፋሹ ግን ይኸውልሽ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያች ሞተር አጠገብ ሳልፍ ሰው የተኛበት ክፍል ይመስል እግሬን አለዝብ ነበር።

የአባዬ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው፤ ሰው ሁሉ «መጋዙ» ይለዋል። ወደ እሱ ቤት የገባ ሞተር በገባበት መልኩ አይወጣም። ጅራቱ ተቆርጦ፣ መሪው ጎብጦ፣ መብራቱ ሆዱ ሥር ገብቶ ይወጣል፤ ያምር ነበር ደግሞ! ወጣቱ ሁሉ ይሰለፍለታል። «መጋዙ ጋ ስትሄድ ቀጥ ብለህ አትቁም፤ ያሳጥርሃል» ተብሎ የሚቀለድበትም ለዚህ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ልብ ናቸው። ወሬው ወደ ሞተር ከዞረ ግን እሳትና ጭድ ይሆናሉ።

«ጋሼ፣ ሞተር የተሠራው ለሰው ነው እንጂ ሰው ለሞተር አልተሠራም» ይላል አጎቴ።

«አንተ ደግሞ ዓለሙን ሁሉ በልክህ ካልቆረጥክ እንቅልፍ አይወስድህም።»

«ልብስ እንኳ ይጠባል፣ ይሰፋል!»

«ልብስ ይጥበብ። የሰው ፊት ግን አይጠብም።»

ይኼኔ እማዬ ጣልቃ ትገባለች። «ከምግብ ላይ ብረት አንሱልኝ!» ሁለቱም ወደ ማዕዱ ይመለሳሉ፤ አጎቴ ግን ሲወጣ በሞተሯ በኩል ዞሮ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ ትንሽ ሳያያት አይሄድም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ጣት አላሳረፈባትም።

አባዬ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ፓምፕ ጣቢያው ውስጥ ተረኛውን ሊያሰናብት ቆሞ ሳለ የሻይ ብርጭቆው ከግራ እጁ አመለጠ። ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እሱም ወደቀ። ሐኪም ቤት ከረመ። እግዜር ነፍሱን አተረፈልን፤ እግሩም እያነከሰ ተመለሰለት። ግራ እጁ ግን ይነሳል እንጂ አይጨብጥም፤ ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣት ሆነው ቀሩ።

በአሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ ግራ እጅ ማለት ሁሉ ነገር ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የሚጨበጠው ፍሪሲዮን ያለው በግራ በኩል ነው፤ እሱ ካልተጨበጠ ሞተሯ ከቦታዋ አትነቃነቅም። በዚያ ላይ ስትቆም ክብደቷን የሚሸከመው ግራ እግሩ ነበር፤ አሁን ያ እግር ራሱን ችሎ መቆሙም ተመስገን ነው።

አንድ ከሰዓት ልብስ ላሰጣ ስወጣ አየሁት። ከሞተሯ አጠገብ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ የግራ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈ በፍሪሲዮኑ ላይ ይጠመጥማቸዋል። ይለቃቸዋል። ጣቶቹ ይዘረጋሉ። እንደገና ይጠመጥማቸዋል። እርጥቡን ልብስ እንደታቀፍኩ ድምፄን አጥፍቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ወሬ እግር አለው፤ የከተማው ሙዚየም ሰው ዘንድ ደረሰ። ሽበታም፣ ጨዋ ሰው ነው። ሊያያት መጥቶ አንሶላው ሲገለጥ ባርኔጣውን አወለቀ። ሱሪው አቧራ ይነካዋል ሳይል ተንበረከከና የታንከሩን የወርቅ መስመር በዓይኑ ተከተላት።

«ጌታዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ «እንዲህ ሳትነካ የኖረች አይቼ አላውቅም። እርስዎ ከፈቀዱ መስታወት ቤት ሠርተን እናኖራታለን። ከእንግዲህ አታረጅም።»

«ትነሳለች?»

«ዘይቱንና ነዳጁን አውጥተን እናደርቃታለን። ለደኅንነቷ ነው።»

«ድምጿስ?»

ሰውዬው አሰበ። «ድምጿን እንቀዳዋለን። ሰው ቁልፍ ሲጫን ይሰማል።»

አባዬ ራሱን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀ። ሰው አክባሪ ነውና እስከ በሩ ሸኘው። ያን ቀን ምሳም እራትም በቅጡ አልበላ። በነጋታው ጠዋት ከሞተሯ አጠገብ ወንበር ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ልጄ፣» አለኝ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ «አጎትሽን ጥሪልኝ።»

አጎቴ መጣ። መጋዝ አልያዘም፤ መፍቻ እንኳ አልያዘም። አባዬ እጁን አሳየው፤ ሞተሯን አሳየው።

«ልንካት?» አለ አጎቴ።

«ንካት።»

ያ ብረት እንደ ወረቀት የሚቆርጥ ሰው ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ። እስከ ክርኑ ነው የታጠበው። ተመልሶ መጥቶ መዳፉን ታንከሩ ላይ በቀስታ አሳረፈ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አጎቴ በማየት ብቻ አሳለፋቸው። መሬት ላይ ተኝቶ ከሥሯ ይገባል፤ በባትሪ ያያል፤ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይገባል። እማዬ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ ሰው፣ ልትሠራት ነው ወይስ ልታገባት?»

«እትዬ፣ የምነካው ቦታ ጠፋኝ» አላት። ቀልዱን አልነበረም።

ያሰበው፣ ለአባዬ ደካማ እግር ሲል በቀኝ ጎኗ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ሊገጥምላት ነው፤ በሦስት ጎማ ከቆመች አትወድቅም። ጋሪ ለመግጠም ግን አጥንቷን፣ ያን የሚሸከማትን ዋና ብረት፣ መብሳት ወይም መበየድ የግድ ነው ብሎ ያምናል፤ ለዚያ ደግሞ ልቡ እንቢ አለው። በዚህ መሃል አንድ ቀን ከሥሯ ተኝቶ ሳለ ጮኸ።

«ጋሼ! ጋሼ ና!»

አባዬ እያነከሰ ሄደ። አጎቴ ከአጥንቷ ሥር አራት ቦታ ላይ እንደ ቋጠሮ ያበጠ ብረት አገኘ። አባዬ ቋጠሮዎቹን ያውቃቸዋል፤ በሳምንት አንዴ ሲወለውላቸው ኖሯል። ጌጥ ወይም የመገጣጠሚያ እብጠት ይመስሉት ነበር። አጎቴ ግን የአንዱን የደረቀ ግራሶ በጥፍሩ ፍቆ በነዳጅ ሲያጥበው፣ መሃሉ ላይ በናስ ክዳን የተደፈነ ቀዳዳ ብቅ አለ። ክዳኑን ፈታው። ውስጡ ያለው የብሎን ጥርስ ትናንት የወጣ ይመስል ያበራል፤ ብሎን አልገባበትም፣ አየር አልነካውም።

«ለጋሪ ነው» አለ አጎቴ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ጋሼ፣ የሠራት ሰው ለጋሪ ቦታ ትቶላታል። ማንም አልተጠቀመበትም እንጂ።»

አባዬ ቀኝ እጁን ሰድዶ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር። ከሐኪም ቤት ከወጣ ወዲህ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም።

«እዚህ ድረስ አስቦ ነበር?» አለ፤ ማንን እንደጠየቀ አላውቅም። «ሳያውቀኝ?»

ሥራው ከዚያ በኋላ ተጀመረ። አጎቴ ሞተሯ ላይ መጋዝ፣ መብሻ፣ ብየዳ አላስነካም፤ ጋሪውን እንደልቡ ቆረጠ፣ አጎበጠ፣ እሷን ግን በነበራት ቀዳዳ ብቻ ያዛት። ፍሪሲዮኑን ወደ ቀኝ መሪ፣ ከፍሬኑ ሥር አዛወረው። የቀድሞውን መያዣ ፈትቶ በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጠ። አዲሱን መያዣ ቶርኖ ማሽኑ ላይ አውጥቶ በሞረድ ለቀናት ሲያለሰልሰው ከረመ። የቀድሞውን ጉብጠት እንዲይዝ ፈልጎ ነው። አባዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፤ ዳሰሳቸውና፣ «የቱ ነው ያንተ?» ሲል አጎቴ እንደ ልጅ ሳቀ።

እኔ የሶፋ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የጋሪው መቀመጫ የእኔ ድርሻ ሆነ። ለአባዬ ግራ እጅም ከመሪው ጋር የምትያዝ የቆዳ ማቀፊያ ሰፋሁለት፤ ጣቱ ባይጨብጥም ክንዱ ይገፋል፣ ይስባል።

አንድ ነገር ብቻ ሳንጠየቅ ሆነ። አጎቴ ጋሪውን ደማቅ ቀይ ቀባው።

«ቀይ?!» አለ አባዬ። «ከአረንጓዴ ጋር?»

«ሞተሯ ያንተ፣ ጋሪው የእኔ! አትንካው!»

እውነቱን ለመናገር፣ ከሩቅ ላየው የተቆረጠ ሐብሐብ ይመስላል።

የወጣንበት ቀን ትዝ ይለኛል። ከቤታችን ጀርባ ባለው ሰፊ መንገድ አጎቴና እኔ ገፍተን አወጣናት። አባዬን ደግፈን አስቀመጥነው፤ ግራ እጁን በማቀፊያዋ አሰርኩለት። ማስነሻውን የረገጥኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው እንደ ማሳል አለች፣ በሁለተኛው ተነሳች፤ ያ ዶቅ ዶቅ የሚል፣ ከደረት የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ። አጎቴ ከፊቱ ቆሞ፣ ዳዴ የሚል ሕፃን የሚጠራ ይመስል ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ ይራመዳል። አባዬ በቀኝ እጁ አዲሱን መያዣ ጨበጠ፣ በቀኝ እግሩ ማርሽ አስገባ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ተንቀሳቀሰች። አጎቴ ዘሎ ከመንገዱ ወጣ።

አንድ ዙር ዞሮ ተመልሶ ሲቆም እማዬ ሻርፗን ከአገጯ ሥር አጥብቃ አስራ ቆማ ነበር። ፋብሪካው የሠራት ለአንድ ሰው ነውና፣ ሌላ ወንበር መግጠም ደግሞ መንካት ነበርና፣ እማዬ ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ቀን ተቀምጣባት አታውቅም። ቅሬታም ተናግራ አታውቅም። ማንንም ሳትጠይቅ ቀይ ጋሪው ውስጥ ገብታ ተደላደለች።

«ወዴት ልውሰድሽ?» አላት አባዬ።

«ወደ ፓምፖችህ። ስትነግረኝ የኖርከውን ድምፃቸውን እስቲ ልስማው።»

ሄዱ። አረንጓዴና ቀዩ፣ የእማዬ ሻርፕ ጫፍ እየተውለበለበ፣ የአባዬ ጀርባ ቀጥ ብሎ። ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ዞር ስል አጎቴ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በግራሶ በጠቆረ እጁ ፊቱን ሸፍኗል።

ብዙ ዓመት ነዳት። የሙዚየሙ ሰው መጥቶ የተቆረጠ ቦታ ፈልጎ ሲያጣ፣ እሱም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጋሪው ላይ አንድ ዙር ዞሯል።

ካቻምና አባዬ ቀኝ ክንዱም ይደክመው ጀመር። «አንቺ ያዣት» አለኝ እንደ ዋዛ። እማዬ ቦታዋን ለቀቀችለት፤ እሱ ጋሪው ውስጥ ገባ፤ እኔ ከላይ ተቀመጥኩ። የከተማውን ረጅም ዳገት ስንጀምር አባዬ ጮኸ። ያመመው መስሎኝ ፍሬን ልይዝ ስል፣

«አትቁሚ! አትቁሚ፣ ቀጥይ!»

ዞር ብዬ አየሁት። ከጋሪው ጠርዝ ተጠግቶ፣ ጉልበቴ አጠገብ ያለውን የሞተሯን ጎን ያያል። የዚያ ዘመን ሞተር እንደ ዛሬው ሆዱን አይሸፍንም፤ የቫልቮቹ ስፕሪንጎች ደጅ ናቸው፤ ዳገቱን ስትወጣ ብረቱ እየተጫነ፣ እየዘለለ፣ ጠብታ ዘይት እያበራ ይታያል። ቆማ ስትሠራ ስንት ጊዜ አይቷታል። ስትለፋ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከላይዋ ነበርና አላያትም።

«እዪያት እስቲ!» ይላል ነፋሱ ቃሉን እየቆራረጠው። «እንዲህ ነበር ለካ... እንዲህ ነበር የምትሸከመኝ!»

ማርሽ ቀነስኩና ዳገቱን ቀጠልኩ።