ስፒናው በእጄ ነበር

መርሳ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያስቆፈርኩ ጊዜ ሰው ያላለኝ ነገር የለም። «አሳ ልታረቢ ነው?» ያለኝ አለ። ወልድያ ጋራዥ ያለው ታላቅ ወንድሜማ ግቢዬ በገባ ቁጥር «ኩሬሽ ደህና አደረ?» እያለ ሲያበግነኝ ከረመ። እኔ ደግሞ ነገር ቶሎ የማይለቀኝ ሴት ነኝ። ጥቂት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፤ በመርሳ ሙቀት ለእንግዳ ከቀዝቃዛ ውሃ የተሻለ ምን ይቀርባል ብዬ ነበር ያስቆፈርኩት።

ልቤ የተንጠለጠለው ግን በማክሰኞ ላይ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ገንዳው የሴቶች ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ፤ ዙሪያውንም በቆርቆሮ አሳጠርኩት። ሐሳቡ የመጣው ከጥበቃዬ ባለቤት ነው። ጥበቃዬ አዛውንት ናቸው፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ግራና ይኖራሉ፣ ጉልበታቸውን ታመው ያለ ምርኩዝ አይንቀሳቀሱም። ጤና ጣቢያ «ውሃ ውስጥ መራመድ ያግዝዎታል» ብለዋቸዋል። ወንድ ባለበት ግን እንኳን ሊገቡ ሊያስቡትም አይፈልጉም። እመጣለሁ እስኪሉኝ ድረስ ስንት ለመንኳቸው! በመጨረሻ እሺ ሲሉም «አንድ ጊዜ ነው የምሞክረው ልጄ። መጥቼ ሳልገባ ከተመለስኩ የአገር መሳቂያ ነው የምሆነው፤ ሁለተኛ አትጥሪኝ» አሉኝ።

ክረምት ላይ ገንዳውን በወፍራም ሸራ እሸፍነዋለሁ፤ ቅጠልና ጭቃ እንዳይገባበት፣ ልጅም እንዳይወድቅበት። ሸራው ላይ የሚጠራቀመውን ዝናብ የሚያወጣ ትንሽ ፓምፕ አለኝ። መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ ሲደርስበት ራሱ ይነሳል፣ ሲያልቅለት ራሱ ይቆማል። ማንንም አያስፈቅድም። ይሄ ጠባዩ ደስ ይለኛል፤ የሚያስፈራኝም ይሄው ጠባዩ ነው። ስለዚህ ገና ሲመጣ ጀምሮ ሁለት ነገር ከልክያለሁ፦ ሸራው ላይ ማንም አይቆምም፤ ስፒናው ከሶኬት ሳይነቀል ፓምፑን ማንም አይነካም። ወንድሜ በዚህም ሲስቅብኝ ነው የከረመው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስወጣ ሸራው መሃሉ ጎድጉዶ ቡናማ ውሃ አቁሯል። ክብደቱ ጠርዙን ከማሰሪያው ላይ እየጎተተው ነው። አንዱ ጥግ ካመለጠ ያ ሁሉ ጭቃ ስንት የለፋሁበት ንጹህ ውሃ ውስጥ ይገለበጣል፤ ማክሰኞዬም አበቃለት ማለት ነው።

«ማታ መብራት እያለ ነው ያቆመው» አሉኝ አባባ። «አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ፣ ወላሂ። መብራቱ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። አብሽሪ ልጄ።»

እንዴት ነው የማበሽረው? ይሄኔ ወንድሜ ያዘዝኩትን ወንበር በመኪናው ጭኖ ከወልድያ ደረሰ። ሸራውን አየ፣ ሳቀ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ።

«ምን ልትሆን ነው?» አልኩት።

«ገብቼ ላወጣልሽ ነዋ።»

«በገመዱ ነው የሚሳበው! አትገባም!»

ገመዱን ብንፈልገው የለም። ፓምፑ ከመሃል የሚጎተትበት ጥሩ ረጅም ገመድ አብሮት መጥቶ ነበር። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የአረፋውን በግ አስሬበት ነበር። ግራና ነው ያለው» አሉ። «ጥሩ ገመድ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። «አባባ፣ አንቱም ይሄን ያደርጉኛል?» አልኳቸው። እሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ባለቤታቸውን «ስትመጪ የበጉን ገመድ ይዘሽ ነይ» አሏቸው። ለመዋኘት የሚመጣ ሰው የበግ ገመድ ይዞ ሲመጣ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሜ ግን አልጠበቀም። «መብራት የለም እኮ! ምንድን ነው የሚያስፈራሽ?» አለኝ።

ይህቺን ቃል የማይል ማን አለ? አምፖል የምንቀይረው መብራት ሲሄድ ነው፣ ሶኬት የምንፈታውም መብራት ሲሄድ ነው። መሄዱን እንደ ማጥፊያ እንቆጥረዋለን። መች እንደሚመጣ ግን ነግሮን አያውቅም። እየሮጥኩ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ስፒናውን ነቀልኩ፣ ሽቦውን እየጠቀለልኩ ይዤው መጣሁ።

«አሁንም አትገባም» አልኩት። «ሸራው ቢጠቀለልብህ ማን ሊያወጣህ ነው? ዋና እንኳ አትችል!»

«ፈሪ!» አለኝ። እኔን ለማናደድ ብሎ ጠርዙ ላይ ተቀመጠና አንድ እግሩን ሸራው ላይ ያለው ውሃ ውስጥ ነከረ። እያየኝ እግሩን ያወዛውዛል።

ወዲያው ከወጥ ቤት ሬዲዮው ጮኸ። የበሩ አምፖል ቦግ አለ። መብራት መጣ።

ወንድሜ እግሩን እንዴት እንዳወጣው አላየሁም፤ ብቻ ሳየው ወንበሮቹ ጋ ቆሟል። ሁላችንም ወደ ፓምፑ አፈጠጥን። ፓምፑ ዝም ብሏል። ስፒናውን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ክፉ ሴት አይደለሁም፣ ግን በዚያች ደቂቃ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፣ መደበቅም አልፈለግኩም።

«ፈሪ ነኝ አይደል?» አልኩት። የጠቀለለውን ሱሪ ይፈታ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ባጃጅ ሙሉ ሴቶች መጡ። የአባባ ባለቤት በአንድ እጃቸው ምርኩዙን፣ በሌላው የበጉን ገመድ ይዘው ወረዱ። ሸራውን ሲያዩ ፊታቸው ጨለመ። «እንግዲህ የማይሆን ነገር ነው። ባጃጁ ሳይሄድ ልመለስ» አሉ።

«ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ» አልኳቸው፤ ገመዱንም ከእጃቸው ተቀበልኩ።

ገመዱን በገንዳው አግድም ዘረጋነው፤ ወንድሜ በአንደኛው ጠርዝ፣ እኔና ሴቶቹ በሌላኛው። ማንም ሸራውን አልረገጠም። ከፓምፑ ጀርባ አሳለፍነውና ሁለቱን ጫፎች ይዘን የልብስ መቀየሪያ ክፍል ወዳሠራሁበት ጥግ መራመድ ጀመርን። ሁለት ጊዜ ላዩ ላይ ተንሸራቶ አመለጠን። የአባባ ባለቤት ተመልሰው ሊሄዱ የነበሩት ሴትዮ መሆናቸውን ረስተው «ዝቅ አድርጉት! ወገቡን ያዙት!» እያሉ በምርኩዛቸው ያዝዙን ጀመር። በሦስተኛው ያዘ። ፓምፑ ጠርዝ ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉ።

ገልብጠን አየነው። የሚስብበት ወንፊት የማንጎ ቅጠልና የተቀዳደደ ፌስታል ጠቅጥቆታል፤ ማታ ያጉረመረመው ለዚህ ነው። ያን እያጸዳሁ ሳለ ወንድሜ ሽቦውን አንስቶ አሳየኝ። ከውሃው የወጣው ሽቦ ላይ አንድ መቀጠያ አለ። የተጠቀለለበት ናስተር ተልጦ መዳቡ ፈጧል። ወጥ ቤት ድረስ እንዲደርስ ብሎ በበጋ የቀጠለው እሱ ራሱ ነው።

ስፒናው ሶኬቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ያቺ እግሩ የት እንደነበረች ለሁለታችንም ገባን። ወልድያ ያሉት ልጆቹ ትዝ አሉኝ። ልሰድበው አስቤ የነበረው ሁሉ ጠፋብኝ። የቀጠለውን ራሱ ቆርጦ ጣለ፤ ስፒናውን የፓምፑ የራሱ ሽቦ ጫፍ ላይ አሰረ። ልብስ መቀየሪያው በቅርቡ ከዝናብ የተጠለለ ሶኬት ስለገባለት ያ ሽቦ ይበቃል። ገመዱን ፓምፑ ላይ አስረን ቀስ ብለን ወደ ጎደጎደው መሃል አወረድነው።

«አሁን ማንም ውሃ አይንካ» አልኩ። እጄን በፎጣ አደረቅኩና ሰካሁት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ጉርር አለና ቱቦው ተወጠረ፤ ቡናማው ውሃ ፓፓያዬ ሥር ይወርድ ጀመር። እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም። ወንድሜ ከሁሉም በላይ ጮኾ አጨበጨበ። ዛሬ ግቢዬ ሲመጣ ስለ ኩሬ አያነሳም፤ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስፒናው የት ነው?» ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ይዞ መጣ።

ውሃው ሲያልቅ ፓምፑ እንደ ልማዱ ራሱ ቆመ። ነቅለን አነሳነው፣ ሸራውን ጠቀለልን፤ ከሥሩ ያለው ውሃ እንደተኛ ንጹህ ነው። «በሉ፣ ወንድ ሁላ ውጣ!» አልኩ። ወንድሜም ከአባባ ጋር ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ረፋዱ ላይ ፎጣ ይዤ በቆርቆሮው አጠገብ ሳልፍ አባባ ከውጭ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ማን ናት እንዲህ የምትስቀው?»

«የእርስዎ ናት» አልኳቸው።

ወደ ቆርቆሮው ተጠጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምርኩዟስ?» አሉኝ።

«ወንበር ላይ ነው፣ አባባ።»