የባሌ ሸሚዝና የበሬው መዥገር

ባሌ ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ የበሬያችንን መዥገር የምለቅመው እኔ ነኝ። ዋጃ አጠገብ ያለውን ማሳችንን ወንድሜ ያርስበታል፤ በሬው ለቀንበሩ እሺ ይላል። ብሽሽቱን የሚያስነካው ግን ለባሌ ብቻ ነበር። እኔ ጎንበስ ስል መዥገሩን የምጥልበትን፣ ላምባ የያዘ ጣሳዬን በእርግጫ ደፍቶ ያባርረኛል። አማቴ አይተው አይተው፣ የልጃቸውን ሸሚዝ ለብሼ እንድገባ መከሩኝ።

ለበስኩት። በሬው እጅጌውን አሸተተና እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመልኝ።

ሸሚዙን ባሌ የሄደ ዕለት ነው ያወለቀው። ሳላጥብ ምስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። ዕድሜ ለስልክ፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ ፊቱንም አያለሁ፤ ጠረን የሚያመጣ ስልክ ግን ገና አልተሠራም። እናም ለበሬው ብዬ በለበስኩት ቁጥር የራሴን ድርሻ የሰጠሁ ይመስለኝና ቅር ይለኝ ነበር።

መዥገሩ ደግሞ አላልቅ አለ። ቆቦ ሄጄ ለከብት ሐኪሟ ብነግራት፣ የትኛውን እንደምለቅም ጠየቀችኝ። ደም ጠጥቶ ያበጠውን ነዋ፤ ትንሹን ማን ይቆጥረዋል? ሳቀች። ያበጠችው ሴቷ ናት፣ የናቅሽው ትንሹ ወንዱ ነው አለችኝ። እሱ ቀድሞ ይጣበቃል፤ ደም ሲጠጣ ሰንብቶ ጠረን ይለቃል፤ ሴቷ ያን አሽታ መጥታ አጠገቡ ትጣበቃለች። አንዱን ከተውሽው ሌሎቹን ይጠራል አለችኝ።

በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ተናደድኩ። መዥገር እንኳ ሚስቱን ይጠራል! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደም መጣጭ ቀናሁባት።

ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹንም መልቀም ጀመርኩ፤ ሸሚዙም ከላዬ አልወርድ አለ። አንድ ቀን ዝናብ ሲያስቸኩለኝ ሸሚዙን ረስቼ በረት ገባሁ። በሬው ቀና ብሎ አየኝና እግሩን ከፈተልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ገብቼ ሸሚዙን አፍንጫዬ ላይ ብደፋው ላምባና እኔን፣ እኔንና ላምባ ብቻ ሸተተኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ለዒድ ባሌ ሲደውል ምን እንደሚልክልኝ ጠየቀኝ።

"የለበስከውን ሸሚዝ። እንዳታጥበው።"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ለበሬው ነው፤ አላስነካ ብሎኝ" አልኩት።

በሬውማ ለምዶኛል።